ጥግ ላይ ያለችው ጭረት

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የጎረቤቷን የፎቶ ቤት በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። ገፋ አድርጋ ስትገባ ፎቶ አንሺው ከመብራት ማቆሚያው የብረት እግር አጠገብ በጀርባው ተዘርግቷል። ከጭንቅላቱ ሥር የፈሰሰው ደም ደርቋል። ስልክ ደውላ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ለምን እንደተቀመጠች በኋላ ስትጠየቅ «እንዴት ብቻቸውን ልተዋቸው?» አለች።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ብቻውን መሆንን የለመደ ነበር። ሰፈሩ «ጋሽ ፈገግ» ይለዋል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሙሽራውንም፣ ተመራቂውንም፣ ለመታወቂያ የመጣውንም «ፈገግ በሉ» እያለ ሲያነሳ ኖሯልና። ሥራ ሲያበቃ በሩን ዘግቶ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ይገባል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ብርጭቆ። አላገባም። ያለው ዘመድ አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ ቤቱንም ከእናታቸው የወረሱት ሁለቱ አብረው ነው።

ጉዳዩ ለመርማሪዋ ተሰጠ። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እትዬ ቆይ» ይሏታል፤ ሁሉም አለቀ ደቀቀ ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል «ቆይ» ማለት አመሏ ነው። አመሏ ሹመት አላመጣላትም። እሷም ወደ ባዶ ቤት የምትገባ ሴት ናትና ያቺን አንድ ብርጭቆ ቆም ብላ አየቻት።

ለአለቃዋ ነገሩ ከምሳ በፊት አልቋል። ጠረጴዛው ላይ የተገኘችው ትንሽ መፍቻ መንገድ ማዶ ሱቅ ያለው የካሜራ ጠጋኝ ንብረት ናት። ሰኞ ዕለት ጠጋኙ በሟቹ ላይ ሲጮህበት መንገደኛው ሁሉ ሰምቷል። ረቡዕ ረፋድ ወደ ፎቶ ቤቱ ሲገባም ልብስ ሰፊዋ አይታዋለች። ካሜራው እዚያው አለ፤ ፎቶ የሚቀመጥበት ካርዱ ግን ከውስጡ ተወስዷል። ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው አለ።

«ረፋድ መጥቶ ሄደ፣ ከሰዓት ተመልሶ መታው። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለ አለቃዋ።

«ቆይ።»

«እስከ ሰኞ ነው የምቆይልሽ።»

ጠጋኙ ስልሳ ያለፈው፣ ጣቶቹ ቀጫጭን የሆኑ ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ አገኘችው። ከተፈረደበት ቀሪ ዕድሜው እስር ቤት እንደሚያልቅ እሱም እሷም ያውቃሉ።

«ለምን ጮኹባቸው?»

«ካሜራውን አበላሽቶት መጣ። ሴንሰሩን በገዛ እጁ አጽድቶት።»

«ሴንሰር ምንድን ነው? ለማያውቅ ሰው ይንገሩኝ።»

«ድሮ ፊልም ይገባበት የነበረው ቦታ ላይ ያለችው፣ ብርሃኑን የምትቀበለው ናት ልጄ። ላይዋ ላይ ስስ መስታወት አለ። እሁድ ሠርግ አንስቶ ፎቶዎቹ ላይ፣ ሰማዩ ላይ ማለቴ ነው፣ ነጥብ አየ። አቧራ ነው፤ በአየር መንፊያ እፍ ቢባል ይሄዳል። እሱ ግን ሰኞ በጠዋት ተነስቶ ጥጥ በእንጨት ጠቅልሎ ፈተገው። ጥጡ ላይ አሸዋ ነበረበት መሰለኝ፣ መስታወቱን ጫረው። ወዲያው ነጭ ግድግዳ አንስቶ፣ አትሞ፣ ወረቀቱንና ካሜራውን ይዞልኝ ሮጠ። ልጁ የታመመበት ሰው ነበር የሚመስለው።»

«መንገድ መሻገር ብቻ ነበር እኮ የሚቀራቸው። መጀመሪያውኑ ለምን ለእርስዎ አላመጡትም?»



«ራስህ አጽዳው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ጠጋኙ ጣቶቹን እያየ። «በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። አንዴ ቁልፉ ላላ ይላል፣ አንዴ ድምፁ ተቀየረ ይላል። ካሜራው ምንም የለው። ያወራል፣ ያወራል፣ ከዚያ ይሄዳል። አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኝ ‹ለዚህ ለዚህማ ራስህ አጽዳው› አልኩት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ቀረ። ሰኞ ሲመጣ በራሴ ነው የተናደድኩት፤ የጮኽኩት ግን በእሱ ላይ ነው።»

«መፍቻዎትስ?»

«ካሜራው እኔ ጋ ሰነበተ። ረቡዕ ረፋድ ይዤለት ሄድኩ፣ ይቅርታም ልለው። እዚያው ፈትቼ ጭረቱን አሳየሁት። ይሠራል፣ ግን በዚህ ካሜራ የምታነሳው ሁሉ ይህቺን ጭረት ይዞ ይወጣል፣ ሌላ ሴንሰር እናፈላልጋለን አልኩት። መፍቻዬን ረስቼ ወጣሁ። ስወጣ ደህና ነበር።»

«ያ ወረቀት የት አለ?»

«ሱቄ ውስጥ፣ መሳቢያዬ ውስጥ።»

ወረቀቱን አገኘችው። ነጭ ነው፤ ከላይ በቀኝ ጥጉ በኩል አንዲት ጭረት ተጋድማበታለች። እንደ ፀጉር ቀጭን ናት፣ ጫፏ ላይ እንደ መንጠቆ ትታጠፋለች።

ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደች። የእሁዱ ሠርግ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሠርግ ነበርና ፎቶዎቹን በኩራት ዘረጋችላት። ሰማዩ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፤ ጭረት ግን የለም።

«ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል የሰሙት ነገር አለ?»

«ሳቅ ሰምቻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»

«የማን ሳቅ?»

«የራሳቸው። እሱ ነው የገረመኝ። ሰውን ፈገግ በሉ ይላሉ እንጂ እሳቸውስ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ነበር የሚመስሉት። እንዲያውም ‹ዛሬ ምን አገኙ?› ልላቸው አስቤ ነበር። የስፌት መኪናዬ ላይ የሰው ቀሚስ ነበረና ተውኩት።» ቀና ብላ አየቻት። «ገብቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አይደል?»

መርማሪዋ ፎቶዎቹን ሰብስባ መለሰችላት፤ መልሱን ሁለቱም ያውቁታል።

ታናሽ ወንድምየው አርብ ከሰዓት መጣ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ከልቡ እንዳለቀሰ ለመርማሪዋ ይታያታል፤ ግን የሚያለቅስ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ሥራዋ አስተምሯታል።

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኛችሁት?»

«ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። በዚህ ቤት ምክንያት ተቀያየምን። እኔ እንሽጠው እላለሁ፣ እሱ ሞቼ ነው ቆሜ ይላል። ከዚያ ወዲህ እግሬ እዚህ አልረገጠም።»

«ረቡዕስ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ብቻዬን ነኝ የምኖረው።»

ቅዳሜ አስከሬኑ በሳጥን ሆኖ ወደ ፎቶ ቤቱ ሲመለስ ለቀብሩ ፎቶ ተፈለገ። ልብስ ሰፊዋ የሟቹን ካርቶኖች አንድ በአንድ ገለበጠች። ሕፃናት፣ ሙሽሮች፣ ወታደሮች፣ ጡረተኞች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ አለ። የእሱ ግን አንድም የለም። ሠላሳ ዓመት ካሜራው ጀርባ የቆመን ሰው ማን ያነሳዋል? በዚህ መሀል ወንድምየው ትልቅ ፎቶ በፍሬም አድርጎ ይዞ ገባ። ጋሽ ፈገግ ነጭ ግድግዳ ተደግፎ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጎ ይስቃል። ከበላዩ የመጋረጃ ዘንግ ይታያል።

«የት አገኙት?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ጋ ነበር። ያኔ ቤቴ ሲመጣ በራሱ ካሜራ ያነሳሁት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የተጣላነው።»

ልብስ ሰፊዋ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ሰቅላ በግራ ጥጉ በኩል መስታወቱን በጣቷ ጠረገችው። አልሆን ሲላት በጨርቅ ደገመችው።

«ምንድን ነው?»

«ክር መስሎኝ ነበር። አይለቅም።»

መርማሪዋ ተጠጋች። ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ቀጭን መስመር ቆማለች። የጠጋኙን ወረቀት አውጥታ አስተያየች፤ አይገናኙም። እዚያ ቀኝ ናት፣ እዚህ ግራ። እዚያ ተኝታለች፣ እዚህ ቆማለች። ወረቀቱን እያገላበጠች ግማሽ ሰዓት ያህል በረንዳው ላይ ቆየች። ከዚያ ለጣቢያው ደወለች።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ፣ አለቃዋ ጠጋኙን ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊዋና ወንድምየው ተቀምጠዋል። ጠጋኙ ፎቶውን ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ጥግ ላይ ያለችው መስመር ምን ትመስልዎታለች?» አለች መርማሪዋ ወንድምየውን።

«የግድግዳ ስንጥቅ ናታ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን ከግድግዳው ተነስታ የመጋረጃውን ዘንግ አቋርጣ ነው የምትወርደው። ስንጥቅ ደግሞ ግድግዳ ላይ ይቀራል እንጂ ዘንግ ላይ አይወጣም። መስታወቱም ላይ አይደለችም፤ እትዬ ጠርገው አቅቷቸዋል። ስለዚህ ያለችው ካሜራው ውስጥ ነው።» ወረቀቱን አነሳች። «ይህ ሰኞ የተነሳ ነው። ሟቹ ሴንሰሩን ሲያጸዱ የሠሩት ጭረት ነው።»

«ቦታው ይለያያል እኮ» አለ አለቃዋ።

«ወረቀቱ በአግድም ነው የተነሳው። ፎቶው በቁመት ነው። በቁመት የሚያነሳ ሰው ካሜራውን ያዞረዋል፣ ጭረቷም አብራ ትዞራለች።» ፎቶውን አውርዳ ወደ ቀኝ አጋደመችው። ጭረቷ ቀኝ ጥግ ላይ መጣች፣ ተጋደመች፣ መንጠቆዋም ከወረቀቱ መንጠቆ ጋር አንድ ሆነች።

አለቃዋ ጠጋ ብሎ ሁለቱን አስተያየ።

«የእሁዱ ሠርግ ፎቶዎች ላይ ይህች ጭረት የለችም» አለች መርማሪዋ። «የተሠራችው ሰኞ ጠዋት ነው። ካሜራው ያኔውኑ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ሄደ። እትዬ፣ ረቡዕ ረፋድ እኚህ ጋሼ ሲገቡ አንገታቸው ላይ ምን ነበር?»

«ካሜራው ነበር። አንጠልጥለውት ነበር።»

«ስለዚህ ፎቶው ረቡዕ እሳቸው ካሜራውን ከመለሱ በኋላ የተነሳ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚህ ቤት ሳቅ ተሰማ፤ ሟቹ ደግሞ ፎቶው ላይ እየሳቁ ነው። ያነሳው ማን እንደሆነ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። የዋሹኝ ቀኑን ብቻ ነው። ካርዱን አሁን ይሰጡኛል ወይስ ቤትዎን እንፈትሽ?»

ወንድምየው ከኮቱ የደረት ኪስ ጥፍር የምታክለውን ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«ስመጣ ደስ አለው» አለ። «ቂም የያዘብኝ መስሎኝ ነበር። ምንም የለም። ‹ማንም አንስቶኝ አያውቅም፣ እስቲ አንተ አንሳኝ› አለኝ። ጓዳ ገብተን አነሳሁት። በካሜራው መበላሸት ራሱ ሳቀ። ከዚያ የሽያጩን ውል አወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«‹ለዚህ ነው የመጣኸው?› አለኝ። አልተቆጣም። ካልፈረምክ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ‹ተቀመጥ፣ ውሉ ይቅርና ትንሽ እናውራ› አለኝ። ገፋሁት። ብረቱ ላይ ወደቀ።»

«ወዲያው ነው የሞቱት?»

«ትንሽ ቆየ።»

«እርስዎስ?»

«ወጣሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መርማሪዋ ካርዱን አንስታ በወረቀት ጠቀለለችው። ለመዝገቡ የሚያስፈልጋት ሁሉ በእጇ ነበር፤ አንድ ጥያቄ ግን ለራሷ ጠየቀች።

«ፎቶውን ባያመጡት ማንም አይደርስብዎትም ነበር። ለምን አመጡት?»

«ሌላ የለማ» አለ። «ሰው ሁሉ ፎቶው የታለ ይለኛል። መልክ ሳይኖረው ይቀበር?»

አለቃዋ ክንዱን ይዞ በጓሮ በር አወጣው። ለጠጋኙ መነጽሩንና የሱቁን ቁልፍ መለሱለትና መሄድ ትችላለህ አሉት። ቁልፉን ይዞ መሀል ወለሉ ላይ ቆመ። በፊት ለፊቱ በር ለቀስተኛው መግባት ጀምሯል። ከሬሳ ሳጥኑ ራስጌ ለቤተሰብ የተቀመጠው ወንበር ባዶ ነው፤ ሰዉ ገብቶ ማንን እንደሚያጽናና ግራ ገብቶት እርስ በርሱ ይተያያል።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠጋኙ ሄደች። «ጋሼ፣ ይምጡ እዚህ ይቀመጡ።»

«እኔ ምኑ ነኝ ብዬ?»

«ይቀመጡ እንጂ። ሰው እየመጣ ነው።»

ተቀመጠ። የመጀመሪያው ሰው ጎንበስ ብሎ እጁን ጨበጠው፣ ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ከሌላ ሰፈር የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ ጠጋኙንም ነገሩንም አያውቅም። እጁን በሁለት እጁ ይዞ «እግዜር ያጽናዎት አባቴ። ምንዎት ነበሩ?» አለው።

ጠጋኙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

«ወንድሜ ነበር» አለ።