ሲያልጎመጉም አመሸ

አቶ በላቸው በረቱ በር ላይ ሞተው ሲገኙ፣ ነገሩ የሚመረመር አይመስልም ነበር። ጎናቸው ተበስቷል፤ የቦራ፣ የኮርማቸው፣ ቀንድም ደም ለብሷል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ይህ የሆነው በ1953 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ከወረታ ዝቅ ብሎ ፎገራ ሜዳ ዳር ነው። ሟች በዋዜማው ቀን «ከተማ ልግባ» ከሚል ልጃቸው ከማረው ጋር ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ስለሰማ፣ ጭቃ ሹሙ አቶ ደሞዝ «ኋላ በእኔ እንዳይመጣ» ብለው ወረታ ፖሊስ ጣቢያ ሰው ላኩ። አምሳ አለቃ ያየህ መጣ። ያየህ እዚያው ሜዳ ላይ ከብት መሐል ያደገ ሰው ነው። ሰው ሲያናግረው ዓይኑን የመጨፈን አመል ስላለው፣ የማያውቁት እንቅልፋም ይሉታል። እንቅልፋምስ አልነበረም።

ሲደርስ የሟች ታናሽ ወንድም አያልነህ ቢላዋውን መዞ ቆሟል።

«ወንድሜን የበላ ኮርማ ዛሬ ውሎ አያድርም!»

ከብቱ ግን ቦራን ከቦ ቀንዱን እያሸተተ፣ መሬቱን እየጫረ ያጓራል። ያየህ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

«አቶ ደሞዝ፣ ከብት እንዲህ የሚያጓራው በምን ደም ነው?»

«በወገኑ ደም ነዋ! በሰው ደም እንዲህ ሲሆንስ አላየሁም።»

ያየህ አስከሬኑን ገልጦ አየ። ቀንድ ሲወጋ ይዘነጥላል፤ ይህ ቁስል ጠባብና ጥልቅ ነው፣ የጦር። ከዚያ ወደ ጥጆቹ ዞረ። የአንዲቱ ጆሮ ጫፍ ተቆርጦ ገና ደሙ አልደረቀም።

«በነሐሴ የጥጃ ጆሮ የሚተለትል ማነው?»

ጆሮ ለምልክት የሚተለተለው በበጋ ነው፤ በክረምትማ ትል ይገባበታል፣ ይህን የማያውቅ በዚያ አገር የለም።

«እንግዲያ ቀንዱ ላይ ያለው የጥጃ ደም ነው፤ ኮርማው አይደለም» አለ ያየህ። የሰዉ ዓይን ሁሉ ማረው ላይ አረፈ። የጭቃ ሹሙ ሰዎችም ወዲያው እጁን የፊጥኝ አሰሩት።

የሟች ሚስት ሸዋዓለም ያየህ እግር ላይ ወደቁ። «ኮርማው ነው በለኝ፣ በሞቴ! እሱን ልቀብር ነው፤ ልጄንም ልቅበር? ኮርማው ነው በል!»

ያየህ ደግፎ አነሳቸው።

«ትናንት ምሽት ምን ሰሙ፣ እናቴ?»

«ምን እሰማለሁ? ያንኑ ነዋ! ክረምት ክረምት በረቱ ሥር ካለችው ጎጆ ነው የሚያድር፤ ከብቱ ሲገባ ያልጎመጉማል። ዝናቡ ያልጎመጉምበታል፣ መዥገሩ ያልጎመጉምበታል። ሠላሳ ዓመት ያልጎመጎመ ሰው ነው። ትናንትም ሲያልጎመጉም አመሸ። ቢበዛብኝ ከደጃፌ ሆኜ ‹ኧረ አንተ ሰው፣ ዛሬስ እንኳ ዝም በል!› ብዬ ጮኽሁበት። ዝም አለ።»

ማረውን ለብቻ አናገረው።

«ልታረቀው ወደ በረቱ ሄጄ ነበር» አለ ልጁ እንባው እየወረደ። «ሲያጉረመርም ሰማሁት። ቁጣው አልበረደም፣ ነገ ይሻላል ብዬ ከአጥሩ ተመለስሁ።»

አያልነህ ደግሞ «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ። «ቤቴ ከወንዙ ማዶ ነው። ወንዙ ሞልቶ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው፣ ከብት ሳይገባ ተኛሁ። ለቅሶው ነው የቀሰቀሰኝ።» ቀጥሎ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ምስኪን ወንድሜን! እንደዚያ ሲያቃስት አምሽቶ አንድ የሚደርስለት ይጣ?»

ያየህ ዓይኑን ገለጠ።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰባቸው።

«አገራችን ለድምፅ ስም አያጣም» ብሎ ጀመረ። «ሰው ቅር ሲለው ያልጎመጉማል፣ ሲቆጣ ያጉረመርማል፣ ሲያመው ያቃስታል። ከአጥር ማዶ ሲሰሙት ግን ሁሉም ያው ነው፤ ስም የሚያወጣለት ሰሚው ነው። እናቲቱ የለመዱት ማልጎምጎም ነው፤ አልጎመጎመ አሉ። ልጁ የፈራው ቁጣ ነው፤ አጉረመረመ አለ። ስለ ማቃሰት ያነሳ አልነበረም፣ ከአንድ ሰው በቀር። አገሩ ሁሉ ኮርማው ባንድ ጊዜ ገደላቸው ሲል፣ ቆስለው ማምሸታቸውን ማን ነገረዎት፣ አቶ አያልነህ?»

«ገምቼ ነው።»

«ጥጃዪቱስ? የወንድምዎ ደም እዚያው ሲፈስ፣ የኮርማውን ቀንድ ለመቀባት የጥጃ ጆሮ መቁረጥ ለምን አስፈለገ? የሞተ ሰው ቢሆን ኖሮ ከቁስሉ ይነክሩ ነበር። አልሞቱም። እያቃሰቱ ነበር፤ ሊጠጓቸው አልቻሉም።»

አያልነህ ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለ።

«የአባታችንን መስክ ለማረው ሊሰጥ አስቦ...» አለ። «ጦሩን የሰበቅሁት ላስፈራራው ነበር፤ እሱ ግን ወደ እኔ መጣ። ወድቆም ስሜን ጠራ። ከደሙ ልነክር እጄን ወደ ቁስሉ ልሰድ አልሁ፣ አልሄድ አለኝ። አያልነህ፣ አያልነህ ይላል!»

«እኔ እኮ መስኩን አልፈልግም ነበር!» ብሎ ጮኸ ማረው። «የተጣላነውስ በዚሁ አይደል? እኔ ከተማ ልግባ ነው ያልሁት!»

የጭቃ ሹሙ ሰዎች ገመዱን ፈቱለት። አያልነህን ይዘው ወደ ወረታ ሊያቀኑ ተነሱ። ልጁ እናቱን ለማቀፍ ሮጠ፤ ሸዋዓለም ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«አምሳ አለቃ» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ድምፅ ማቃሰት ነበር አልህ?»

ያየህ በዕድሜው ብዙ ውሸታም አጋልጧል። ያን ጊዜ ግን ራሱ መዋሸት አማረው።

«ዝናብ ነበር፣ እናቴ። እሳቸው አልሰሙዎትም ይሆናል።»

«ሰምቶኛል» አሉ ሸዋዓለም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝም በል ስለው አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ትናንት ግን ገና ከአፌ ሳይወጣ ዝም አለ። እኔም እሰይ ብዬ፣ ዛሬስ ታዘዘኝ ብዬ፣ ገብቼ ተኛሁ።»