ብትጠይቂኝ ኖሮ

«ልመንህ እኮ እስቴ እጮኛ አለችው።»

ብርቱካን ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ካላለች ቆሎዋ የሚሸጥላት አይመስላትም። ንፋስ መውጫ መናኸሪያ አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ቆሎ እየሰፈረች ድምጿን ወደ ውስጥ ትልከዋለች። «ዲያቆን አይደል? ለመቀሰስ አግብቶ ሕግ መግባት አለበት። ልጅቷ እዚያው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ሆና ትጠብቀዋለች።»

ውስጥ ያለችው ፀደይ የማሽኑን ክዳን ጓ አድርጋ ትዘጋዋለች። ከአሥረኛ ክፍል ብትቀርም፣ ሰዎች ሊያባዙ ከሚያመጧቸው የፈተና መጻሕፍት ለራሷ አንዳንድ ቅጂ እያስቀረች እንግሊዝኛን ብቻዋን ጠጥታዋለች። መምህራን ሳይቀሩ ሲቸግራቸው ይጠይቋታል። እሷ ማንንም አትጠይቅም፤ መጠየቅ ከመለመን አይለይባትም።

ልመንህ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ፣ ንፋስ መውጫ አስኳላ የተማረ ነው። ባሕር ማዶ ለመማር የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ነበረበትና ከሰዓት ከሰዓት ፀደይ ዘንድ ይመጣል። እሷም ልፈተን ብትል ፈታኞቹ «መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃ አምጪ» ብለው መልሰዋታል።

የልመንህ ችግር ድጓ ቤት ማደጉ ነው። እዚያ የመምህርን ቃል አንዲት ሆሄ ማዛነፍ ነውር ነው። ፈተናው ደግሞ «ትርጉሙን ሳትለቅ በሌላ አነጋገር ጻፍ» ይላል።

«ፈረንጅ ‹ባቄላውን ደፋው› ሲል ምን ማለቱ ነው?»

«ምስጢር አወጣ ማለቱ ነው፣ የኔታ።» ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«የኔታ አትበለኝ! ጺም አየህብኝ?»

«የጋይንት ገበሬ ግን ባቄላ ቢደፉበት የሚያወጣው ምስጢር ሳይሆን ዱላ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። ቶሎ ዋጠችው። «እሺ፣ ይኸኛውን በሌላ አነጋገር በለው።»

«የተጻፈውን እንዴት ልለውጠው?»

«ዳዊት የምትደግም መሰለህ እንዴ? ለውጠው!»

አንድ ቀን ከማሽኑ ትኩስ የወጣ ወረቀት ስታቀብለው ጣቶቻቸው ተነካኩ። ወረቀቱን ሁለቱም አልለቀቁትም። ወረቀቱ በእጃቸው መሃል ቀዘቀዘ። ያኔም ቢሆን ቀና ብሎ አላያትም። የድጓ ተማሪ የያዘውን ሲያሰማ የመምህሩን ፊት እንደማያይ ፀደይ ከየት ትወቀው? «የታጨ ሰው ነዋ፣ ምን ዓይን አለው» አለች በልቧ።

በፈተናው ዋዜማ፣ ሚኒባስ ሊሳፈር ሲል መጣ። አልተቀመጠም።

«ዛሬ ጥያቄ እኔ ልስጥሽ» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት። ከደብተሩ በእንግሊዝኛ ቀስ ብሎ አነበበላት፤ «ብትጠይቂኝ ኖሮ እቀር ነበር። በሌላ አነጋገር በይው።»

መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የለም። ፀደይ ታውቃለች፤ እያንዳንዱን ገጽ በእጇ አባዝታዋለች። ከደጅ የብርቱካን ድምፅ ገባ፤ «...እስቴ እጮኛ...»

አገጯን ቀና አደረገች። «ቀላል ነው። ‹ስላልጠየቅሽኝ ሄድኩ።›»

«ልክ ነው» አለ ልመንህ።

«ልክ መሆኑንማ አውቃለሁ።»

ከዚያ ደብተሩን አጥፎ ወጣ። ፀደይ ሚኒባሱ እስኪነሣ ድረስ ባዶ ወረቀት ስታባዛ ቆየች።

ፈተናውን አለፈ፤ ባሕር ማዶም ሄደ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የልመንህ አጎትም የድጓ መምህሩም የሆኑት መሪጌታ ወልደ ሰንበት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ገቡ።

«ልጄ፣ የልመንህን የሠርግ መጥሪያ ጻፊልኝ።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አለች ፀደይ። ስሙን በኮምፒውተሩ ስትጽፍ ጣቷ አልተሳሳተም። «የሙሽሪትስ ስም?»

«ሕሊና። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ እዚያው ባሕር ማዶ ተዋወቁ።»

ጣቷ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእስቴዋን ሙሽራ ነበር በልቧ ስትድር የኖረችው።

«የእስቴዋስ?» አለች። ስለ እሱ ማንንም ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«የእሷን እጮኝነትማ ያኔ፣ እዚህ ለእንግሊዝኛው በሚመላለስበት ጊዜ፣ ለጥምቀት ሰሞን ራሱ አፈረሰው። አባቷ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ክህነቱም ይቅርብኝ አለ።» መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለማን ብለህ ነው ብንለው፣ ‹ለየኔታ ብዬ› አለን። እኔም፣ መች አዘዝኩህ ብዬ ተቆጣሁት።»