አልከፈት ያለው ፋይል

የመድኃኒት አከፋፋዩ ድርጅት የዳታቤዝ ባለሙያ ከኋለኛው ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያስተካከለ «ምስኪን፣ ስትወርድ አዳልጧት ነው» ብሎ ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ፈረደ።

መርማሪዋ ፍርዱን እንዳልሰማች ሆና ጎንበስ አለች። ሟች በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ራሷ ወደ ታች፣ እግሮቿ እርከኑ ላይ። ፊቷ ላይ ጭረት እንኳ የለም፤ የተመታችው ማጅራቷን ነው።

«ወራጅን ሲያዳልጠው እግሩ ይቀድማል» አለች። «እሷ ግን ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ፣ ከላይ ከቆመ ሰው ጋር እያወራች ነበር።»

ሌላው ሠራተኛ ምሳ ወጥቶ ስለነበር ሕንጻው ውስጥ የቀሩት ሥራ አስኪያጁ፣ ሒሳብ ሹሙና ጸሐፊዋ ብቻ ነበሩ። በር ላይ ደግሞ ጥበቃው።

ሒሳብ ሹሙ ከሐዘን ይልቅ ንዴት ያንቀው ነበር።

«ነፍሷን ይማረውና፣ ዛሬስ አንጨርጭራኛለች! ጠዋት አሮጌውን ፕሮግራም ከሰርቨር አንስታ አዲሱን ጫነች። የኔ ኮምፒውተር አልከፍትም አለ። ብጠይቃት ‹የሠራሁበት ኦፊስ የሚባለው ሶፍትዌር ስልሳ አራት ቢት የሚሉት ዓይነት ነው፣ የእናንተ የሁላችሁም ሠላሳ ሁለት፤ ስለማይጣጣሙ እናንተ ጋ አይከፈትም፤ እስካስተካክል ታገሡ› አለችኝ። ምሳዬን ትቼ የኮምፒውተር ጥገና ሰዎቹ ላይ በስልክ ስጮህ ነበር።»

ጸሐፊዋ የሟች የአክስት ልጅ ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እኔ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ነበርኩ። እህቴን የዓመት ልፋቷን፣ አዲሱን ፕሮግራም፣ ሊቀሟት ነበር። ነገ ቦርዱ ፊት ‹የራሴ ሥራ ነው› ብለው ሊያቀርቡት። ‹ዛሬ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፣ እምቢ ካሉ ቦርዱ ፊት እናገራለሁ› ብላኝ ነበር።»

ማን እንደሆኑ መርማሪዋ አልጠየቀችም። የጸሐፊዋ ዓይን የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ተቀበላት።

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ በአዲሱ ፕሮግራም ስሠራ። የነደፍኩት እኮ እኔ ነኝ! እሷ የምነግራትን መጻፍ ብቻ ነበር ሥራዋ።»

«አላስቸገረዎትም?»

«እኔን? እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው። ሒሳብ ሹሙ ካልቻለ ጭንቅላቱን ይታይ።»

መርማሪዋ ለጥገና ሰዎቹ ደወለች፤ ጥበቃውን አነጋገረች። ከዚያ ሁሉንም በሥራ አስኪያጁ ክፍል ሰበሰበች።

«ጸሐፊዋን ጥበቃው መስክሮላታል። ሒሳብ ሹሙ ደግሞ ሟች ስትወድቅ ጩኸቷ እስኪሰማ ድረስ ስልክ ላይ ነበር፤ የጥገናው ሰው እስካሁን ጆሮው ይጮኻል። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ፕሮግራምዎን እስቲ ይክፈቱልን።»

ከፈተ። ፋይሉ በስልሳ አራት ቢት ስለተሠራ በዚህ ኮምፒውተር እንደማይሠራ የሚገልጽ መልእክት ብቅ አለ። ደግሞ ነካው። ያው መልእክት። ግንባሩ ላብ አወጣ።

«አሁን ነው የተበላሸው!»

«ምንም አልተበላሸም። ጠዋት ከተጫነ ጀምሮ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ አያውቅም፤ አሮጌውም ተነስቷል። ሒሳብ ሹሙ አልሠራ ብሎት ስለተሳደበ እውነቱን ተናገረ። አንተ ግን እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ አልክ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እርስዎ ማለቷን ብቻ ተወች። «የራሴ ነው ያልከውን ነገር ለመክፈት እንኳ አልሞከርክም። እሷ ፊት ለፊት ስትነግርህ ግን እጅህ ፈጣን ነበር።»

«ዝም በይ አልኳት… ገፋ ብቻ ነው ያደረግኳት!»

«ገፋ ብቻ» አለች መርማሪዋ፣ እጁን ለካቴና እንዲያቀርብ በአገጯ እያመለከተች።

በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሒሳብ ሹሙ ዞረ። «ቆይ፣ ይሄ ቢት የምትሉት ነገር ምንድን ነው?»

ሒሳብ ሹሙ አፉን ሲከፍት ጸሐፊዋ ቀደመችው።

«ፕሮግራሙን ስትጀምር እህቴ ይህንኑ ልታስረዳህ ብትሞክር ‹አታሰልቺኝ› ብለህ አባረርካት» አለችና በሩን ዘጋችበት።