ሁልጊዜ ማዕበል የምትል ሰዓት

ምስማሩ አለ። ሰዓቷ የለችም።

ግድግዳው ላይ የቀረው ጭስ ያልነካው ነጭ ክብ ብቻ ነው። ሳጅን ወልደተንሣኤ ክቡን ረዘም ላለ ጊዜ ትኩር ብሎ አየው። በፖሊስነት ዘመኑ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ የጠፋን ዕቃ ቦታ አክብረው ሲያዩለት ባለቤቱ ትንሽ እንደሚጽናና ነው።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ ግን በዚህ የሚጽናኑ ሰው አልነበሩም። ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሳጅኑን ጂኦግራፊ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ ውጤቱን ሁለቱም አያነሡትም።

«እሁድ ከቀብር ስመለስ ነው ያጣኋት» አሉ።

«በሩ ተሰብሮ ነበር?»

«ተቆልፎ ነው ያገኘሁት።»

«መስኮቱስ?»

«አንተ ልጅ፣ በዚያ መስኮት ድመት እንኳ የምትገባው አስባበት ነው።»

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት ነበር። አንዱ ጠፍቷል።»

«መቼ?»

«ድሮ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ቁልፍ ሲጠፋ ጓጉንቸር አይቀየርም?»

«ምን አስቸኮለኝ።»

ሳጅኑ ማስታወሻው ላይ «ድሮ» ብሎ ጻፈ። መልሱ መልስ አልመሰለውም።

የጠፋችው የአየር ግፊት የምትለካ ባሮሜትር ናት። አንኮበር ግን «የአየሩ ሰዓት» ነው የሚላት። በጋሼ ሰይፈሥላሴ ቅድመ አያት ቤት በእንግድነት የቆየ ሙሴ ላቫል የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ነው ትቷት የሄደው። ቤተሰቡ «ሸለመን» ይላል። ጎረቤት «ስላልሠራችለት ነው» ይላል። በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ ከሚመጡት ፈረንሳዮች አንዱ ቅጠል ይለቅማል፣ አንዱ ድንጋይ ይለቅማል፤ ሙሴ ላቫል ቃል ይለቅም ነበር። ከሽማግሌ አፍ የወጣውን ሁሉ ይጽፋል። ሽማግሌዎቹም እንደዚያ የሚያዳምጣቸው ሰው ገጥሟቸው ስለማያውቅ፣ ቃል ያለቀባቸው ቀን እዚያው እየፈጠሩ ሰጡት ይባላል።

ሰዓቷ ፊቷ ላይ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ በፈረንሳይኛ ማዕበል፣ ዝናብ፣ ተለዋዋጭ፣ ብራ የሚል ተጽፎባታል። ሁለት ቀስት አላት። ጥቁሯ ቀስት አየሩን ተከትላ በራሷ ትሄዳለች። ቢጫዋ፣ የነሐሷ፣ በእጅ ካላዞሯት አትነቃነቅም። የቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ጧት መስተዋቷን ሁለት ጊዜ ቆርቆር ያደርጓታል፤ ከዚያ ቢጫዋን አዙረው ጥቁሯ ላይ ያሳርፋሉ። በማግስቱ ጥቁሯ ከቢጫዋ ምን ያህል እንደራቀች ይታያል። አንኮበር ላይ ግን የትም አትርቅም። ክረምት ከበጋ «ማዕበል» ላይ ተኝታ ነው የምትውለው፤ ብትነቃነቅ የገብስ ፍሬ ያህል ነው።

«ከፍታው ነው» ይላሉ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ለመጣ እንግዳ ሁሉ። «ሙሴ ላቫል ተራራ የሚለካው በዚች ነበር። ሽቅብ ስትወጣ ቀስቷ ትወርዳለች፣ ቁልቁል ስትወርድ ትወጣለች። ከሹመት የምትለየው በዚህ ነው።»

ዛሬ ግን ይህን ለማለት ልብ አልነበራቸውም።

«ሐሙስ ከፓሪስ ሁለት ተመራማሪዎች ይመጣሉ» አሉ። «ከሙሴ ላቫል ጽሑፎች ጋር ሊያስቀምጧት ነው። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ልጅ የለኝም፤ ስሞት ማን ይቆረቁራታል? እንግዲህ መጥተው ግድግዳ ላሳያቸው?»

ሳጅኑ አንገቱን ደፋ። እኒህ ሰው ደብረ ብርሃን ውስጥ ፈረንሳይኛ ያስተምሩ ነበር። ያን ጊዜ ተማሪው በጧት ብርድ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ስለ ፓሪስ ድልድዮች ይዘምር ነበር አሉ። ፈረንሳይኛው ከትምህርት ቤት ሲወጣ እሳቸውን ወደ ጂኦግራፊ አዛወሯቸው። ከድሮ ተማሪዎቻቸው ግማሹ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «ቦንዡር» ይላቸዋል። ግማሹ እሱንም ረስቶታል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው አስጎብኚው ቴዎፍሎስ ነው።

«እሁድ የት ነበርክ?»

«ቀብር።»

«አገሩ ሁሉ ቀብር ነበር። ያልነበረው ሌባው ብቻ ነው።»

«ሌባውም ሳይኖር አይቀርም፣ ሳጅን። ከቀብር መቅረት ያስወቅሳል።»

«ለቱሪስት የፈረንሳይ ንጉሥ ለሸዋ ንጉሥ የላከው ስጦታ ነው ትላለህ አሉ።»

«ከባሕር ማዶ ድረስ መጥቶ፣ እንግዳ ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው ልበለው?»

«ፓሪስ ከሄደች አንተ ምን ታሳያለህ?»

ቴዎፍሎስ ወደ ኮረብታው፣ ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ተመለከተ።

«ቦታዋን። ‹እዚህ ነበረች› እላለኋ። አንኮበር ላይ እኮ ሥራዬ ይኸው ነው። እዚህ አዳራሹ ነበር፣ እዚህ ግምጃ ቤቱ ነበር… አንድ ‹ነበረች› ብትጨመር አይከብደኝም።»

ቤቱ ተፈተሸ። የተገኘው ሦስት የተሰበረ መነጽርና አንድ የፈረንሳይ ባንዲራ ነው። ባንዲራው የተሰቀለው በጎኑ ነበር።

ሁለተኛው ደብረ ብርሃን ላይ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሀምዳን ነው። ሰዓቷን ሊገዛ ሦስት ጊዜ አንኮበር ወጥቶ ነበር። ሳጅኑ ሱቁ ድረስ ሄደ። ሀምዳን የብረት ምጣድ ሲወለውል አገኘው።

«ወላሂ፣ እሁድ ሰላ ድንጋይ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ሰርግ። ሙሽራውን ጠይቅ፤ እስካሁን ካልተጸጸተ ይነግርሃል።»

«ሦስት ጊዜ ምን አመላለሰህ ታዲያ?»

«ሰዓቷ አይደለችም፤ ሰውየው ናቸው። አንድ ጊዜ ‹አልሸጥም› ብለው በፈረንሳይኛ ሰደቡኝ። እንደዚያ ያማረ ስድብ ሰምቼ አላውቅም፣ ሳጅን። ሁለተኛ ለመስማት ነው የተመለስኩት።»

ሙሽራው ተጠየቀ። ሀምዳን ሰርጉ ላይ ነበር። ሙሽራው ስለመጸጸቱ ፖሊስ አልጠየቀም።

ረቡዕ ጧት፣ አንኮበር ጎረቤላ ከተማ ባለው ፖሊስ ጣቢያ በር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ተገኘ። ጥበቃው ማን እንዳስቀመጠው አላየም። እንቅልፍ ወስዶት ሳይሆን ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይ ስለነበር ነው።

ሳጅኑ ከረጢቱን ከነእስሩ ይዞ ጋሼ ሰይፈሥላሴ ቤት ሄደ። መደቡ ላይ አስቀምጦ ፈታው። ሰዓቷ ናት። መስተዋቷ አልተሰነጠቀም።

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት ጊዜ ቆርቆር አደረጓት። ጥቁሯ ቀስት ፈራ ተባ ብላ እንደ ልማዷ «ማዕበል» ላይ ተጋደመች።

ቢጫዋ ግን እዚያ አልነበረችም። ሩቅ ሄዳ «ዝናብ» ላይ ቆማለች።

ጋሼ ሰይፈሥላሴ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።  ከዚያ ቶሎ ብለው፣ እንደ ሰው ነውር የሚሸፍን ሰው፣ ቢጫዋን አዙረው ወደ ቦታዋ መለሷት።

«ተገኘች አይደል?» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ክሱን አንሥቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጋሼ፣ አሁን ምን አዞሩ?»

«ሰዓቴን።»

«እዚህ ቤት ያደገ ሌላ ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ሂድ፣ ልጄ፤ ሥራ አትፍታ።»

ሳጅኑ ወጣ። ደጅ ቆሞ አሰበ፤ በጂኦግራፊ ያገኘውን ውጤት በዚያች ደቂቃ ሊያሻሽል ቆርጦ ነበር። ቢጫዋ በእጅ ካልሆነ አትዞርም። የሚያዞራት ሰው ደግሞ ጥቁሯ ላይ ነው የሚያሳርፋት። ስለዚህ ጥቁሯ አንድ ጧት «ዝናብ» ላይ ነበረች። ደብረ ብርሃን ሄዳ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ ከፍታው ከአንኮበር ስለሚበልጥ፣ ይብሱን ትወርድ ነበር። ወደ ላይ የወጣችው ቆላ ስለወረደች ነው። ሌባው ደግሞ የሰረቀውን ዕቃ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በጧት ተነሥቶ፣ በዚህ ቤት ሥርዓት ቆርቁሮ ቢጫዋን ያዞረ ሰው ነው። ይህ ሌባ አይደለም። የቤት ልጅ ነው።

ቴዎፍሎስን መንገድ ላይ አገኘው።

«ጋሼ ሰይፈሥላሴ ወንድም እህት አላቸው?»

ቴዎፍሎስ ግራ ቀኙን አየ። «እህት ነበረቻቸው፤ ታላቃቸው። ሸዋወርቅ የሚሏት። ከአልዩ አምባ ነጋዴ ጋር ኮበለለችና ሰልማ ሀፊዛ ተባለች። አባትየው ‹ስሟ በዚህ ቤት እንዳይጠራ› ብለው ገዘቱ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተጠራም። ይህን ለቱሪስት አልነግርም፣ ሳጅን። ይህ ‹ነበር› አይደለም።»

መንገዱ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርድ ጋቢ ያስወልቃል። ሳጅኑ ሲደርስ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ነበር። ጁወይሪያ የምትባል ወጣት በር ከፈተችለት።

«አያቴን ነው? ከጧት ጀምሮ ‹ፖሊስ ይመጣል፣ ውኃ አቀዝቅዢ› እያለችኝ ነው። ምን ሠራሽ ብላት አትነግረኝም።»

አሮጊቷ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ዘገየህ» አሉ።

«እማማ ሀፊዛ፣ እሁድ አንኮበር ነበሩ?»

«የልጅነት ጓደኛዬ ሞታ ልቅር? ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። ማንም አላወቀኝ። ወንድሜ ራሱ በአጠገቤ አለፈ፤ እንዴት አርጅቷል!»

«ከዚያስ?»

«እግሬ ቤቱን ያውቀዋል። ከደጅ አይቼ ልመለስ ነበር። ቁልፉ ከኮበለልኩበት ዕለት ጀምሮ አንገቴ ላይ ነው። አይከፍትም ብዬ ሞከርኩት። ከፈተ።» አንገታቸው ላይ ያለውን ክር ዳሰሱ። «ሃምሳ ዓመት ጓጉንቸሩን አልቀየረውም። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ገብቼ ሰረቅሁ።»

ጁወይሪያ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለምን?»

«ለፈረንጅ ሊሰጣት ነው አሉና። አባቴ ጣቴን ይዞ አዟዟሯን ያስተማረው እኔን ነው። ሰይፉ ቁመቱ አይደርስም፤ እሪ ይል ነበር። ከዚያ ቤት ይዤ የወጣሁት ቁልፍ ብቻ ነው። አንዲት ነገር ቢኖረኝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን መለሷት?»

«እዚያች የቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ ሄድኩና ቆረቆርኳት። ጥቁሯ ሌላ ቦታ ሄዳለች። አባቴ ጣቴን የሚያሳርፍበት ቦታ ባዶ። የአባቴን ቤት ያመጣሁ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ያመጣሁት ዕቃ ነው።»

«ቢጫዋን አዙረዋታል።»

«እኔ?» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «አላስታውስም። አውቄ አይደለም፤ እጄ ናት።» ከዚያ ተነሡ። «በል፣ እሰረኝ።»

«ክሱ ተነሥቷል።»

«ማን አነሣው?»

«ወንድምዎ። ቢጫዋን ሲያዩ።»

አሮጊቷ እንደገና ተቀመጡ።

«አወቀኝ?»

«ከእኔ ቀድመው።»

ሐሙስ የፓሪሶቹ ሰዎች መኪና ደጅ ቆሟል። አንዲት ሴትና አንድ ረዥም ሰውዬ ናቸው። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው በፈረንሳይኛ ያወራሉ። ቴዎፍሎስ፣ ሥራ ፈትቶ ላለመታየት፣ የገባውን ያህል ራሱን ይነቀንቃል። ሳጅኑ በዚህ መሐል አሮጊቷን ደግፎ ግቢው ውስጥ ገባ።

ወሬው ተቋረጠ።

አሮጊቷ ከደጃፉ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። አልገቡም። ጋሼ ሰይፈሥላሴ ለሊቆቹ በፈረንሳይኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሏቸው?» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

«‹ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ግን ታላቅ እያለ ታናሽ ቃል አይሰጥም። ባለቤቷ እሷ ናት፣ እሷን ጠይቁ› ነው ያሏቸው» አለ ቴዎፍሎስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጨመረበትም።

ሴቲቱ ወደ አሮጊቷ መጥታ ጎንበስ አለች። ጋሼ ሰይፈሥላሴ መሬት መሬት እያዩ ተረጎሙ። «ፓሪስ ዝቅ ያለ አገር ነው፤ እዚያ ብትሄድ የምትናገረው ልክ ይሆናል፣ ትላለች።»

«ልክ መሆን ምን ያደርግላታል?» አሉ አሮጊቷ። «ፎቶ ያንሷት፣ ይለኳት። እዚሁ ትቅር።»

ተተረጎመ። ረዥሙ ሰውዬ ትንሽ ከፋው። ሴቲቱ ግን ሳቀችና ጓደኛዋን ወደ መኪናው ወሰደችው።

እህትና ወንድም ደጃፉ ላይ ተፋጠው ቀሩ።

«ግቢ እንጂ» አሉ ጋሼ ሰይፈሥላሴ። «ሽሮ አሠርቻለሁ። ሥጋ የለበትም፤ ትበያለሽ።»

«አባባ ገዝተዋል። እሁድ የገባሁት እንደ ሌባ ነው፤ እንደ ቤት ልጅ ግን ግዝት አፍርሼ አልገባም።»

«ምን ብለው ነው የገዘቱ?»

«ስሟ በዚህ ቤት አይጠራ ብለው ነዋ! ረሳኸው?»

«እኔ በስምሽ ጠርቼሽ አውቃለሁ?»

አሮጊቷ አሰቡ። ታላቅ እህት በስሟ አትጠራም።

«አባባ ስምሽ አይጠራ አሉ እንጂ፣ እትዬ አይባል መች አሉ? ነይ ግቢ፣ እትዬ።»

አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይህን ለማሰብ ሃምሳ ዓመት ፈጀብህ? ያውም የተማርክ ሰው!»

«ጂኦግራፊ ነው ያስተማርኩት» አሉ ጋሼ ሰይፈሥላሴ፤ የእህታቸውን እጅ ይዘው አስገቧቸው።