ያልጻፈችው መስመር

ይህ የሆነ ነገር ነው። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም፤ የገዛ እህቴ ነገር ባይሆን እኔም አላምንም ነበር።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ደብረ ታቦር፣ የክፍሉ ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ... ሚያዝያ 1998 ዓ.ም.።

እህቴ ማስተዋል የአሥራ አንደኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነበረች። ባሏ ይሻው ከሞተ ገና ሁለት ወር አልሞላውም።

ይሻውን ቁርጥማት ይዞት ስድስት ወር አስታመመችው። ሲብስበት ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰደችው። እዚያ በገቡ በዘጠነኛው ቀን፣ ሊነጋ ሲል፣ ብቻውን ወደ ውሃው ወርዶ ሞቶ ተገኘ። እሷ ያረፉበት ጎጆ ውስጥ ነበረች።

"እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር" አለች።

ለለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ አለች። ለእኔም።

አላለቀሰችም። አርባው ሲወጣም አላለቀሰችም። ስትበላ ምግቡ ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም ነበር። አርባው በወጣ ማግስት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የዚያን ቀን ትምህርት አንብቦ መረዳት ነበር። መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ስለሆነ ምንባቡን ራሷ ጻፈችው። አንድ የጉና ገበሬ ገብሱን ሸጦ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ይወስደዋል። ሚስቱ ቤት ተኝታለች። በቃ። አሥራ ሁለት መስመር፣ ከሥሩ አራት ጥያቄ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አበበች በስቴንስል አባዛችላት።

"ውሃ የሚወስደው ሰው ለምን መረጥሽ?" ብዬ በኋላ ጠይቄያታለሁ።

"እንጃ... እጄ ነው የጻፈው።"

ክፍል ገብታ ወረቀቱን አደለች።

"ሁለት ጊዜ አንብቡ። ከዚያ በአምስት መስመር፣ በራሳችሁ ቃል አሳጥሩት። ምንባቡ ያላለውን ግን እንዳትጨምሩ።"

ጽፈው ሲጨርሱ ሰበሰበች። እነሱ ወደ ጥያቄዎቹ ሲያልፉ እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ማረም ጀመረች።

የመጀመሪያው የሙላቴ ነበር፤ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነው።

"ገበሬው ሲሰምጥ ሚስቱን ጠራት። ሚስቱ ነቅታ ነበር።"

በቀይ ሰረዘችው። "ከምንባቡ ውጪ" ብላ ጻፈችበት።

ሁለተኛው... "ሚስቱን ጠራት። አልተኛችም ነበር።"

ሦስተኛው...

አራተኛው...

ተኮራርጀዋል ብላ አሰበች። ግን የበር ዳሩና የመስኮት ዳሩ ልጅ እንዴት ይኮራረጃሉ? ቃሉም የተለያየ ነው። ነገሩ ብቻ ነው አንድ።

ቤዛዊትን ጠራቻት። ቤዛዊት አንዲት ቃል የማታመልጣት ተማሪ ነበረች።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?" አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ከምንባቡ ነው ቲቸር።"

"የለም።"

"አለ... ስምንተኛው መስመር ላይ።"

"አንብቢው እስቲ።"

ቤዛዊት ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች አነበበች።

"ማስቴ ብሎ ጠራት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሴትዮዋ ሰማች። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን አየች። አልተነሣችም።"

ማስተዋል ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ስምንተኛው መስመር፦ "ወንዙ ከላይ የወረደውን ዝናብ ይዞ ደፍርሶ ነበር።"

ሌላ ምንም የለም።

ማስቴ... ማስቴ የሚላት በዓለም ላይ ይሻው ብቻ ነበር። ያውም ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ። እኔ እህቷ እንኳ አላውቅም ነበር።

አልጮኸችም። "ምን ተሰማሽ?" ስላት፣ "ምንም። ቀዩን እስክሪብቶ መያዜን ብቻ ነው የማስታውሰው" ብላኛለች።

ከዚያ መምህር የሚያደርገውን አደረገች። ቀጣዩን ጥያቄ ጠየቀች።

"እሺ... ሴትዮዋ ለምን አልተነሣችም?"

ቆርቆሮው ብቻ ጠሽ... ጠሽ...

"ደክሟት ነበር ቲቸር" አለ ሙላቴ ከኋላ።

"የትኛው ቃል ነው ይህን የነገረህ?"

"'አንድ ጊዜ ብቻ' የሚለው። ሌላ ጊዜ ደጋግሞ ይጠራት ነበር ማለት ነው። ሌላ ጊዜ ትነሣ ነበር። ያን ቀን ግን... ደግሞ እስኪጠራት ጠበቀች።"

"ጎበዝ" አለችው። ከልማድ ነው እንጂ አስባ አይደለም።

ልክ ነበር። ጎጆው ውስጥ የሆነው እሱ ነው። ሁለተኛ ቢጠራት ትነሣ ነበር። ሁለተኛ አልጠራትም።

ደወል ሳይደወል ከክፍል ወጣች። መምህራን ቢሮ ጋሽ በላይነህ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሰጥታቸው ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"እባክዎ ጋሼ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡልኝ።"

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ስምንተኛው መስመር ደረሱ። ወንዙ፣ ዝናቡ፣ መደፍረሱ... እሷ እንደጻፈችው ነው። አንድም ቃል አልተጨመረም።

"ጥሩ ምንባብ ነው" አሏት። "አምስተኛዋ ጥያቄ ግን ለነዚህ ልጆች ትከብዳለች።"

"አራት ነው የጻፍኩት።"

"አምስት ነው እንጂ። ይኸው... 'ሴትዮዋን ዛሬ ቢጠራት ትነሣለች? አብራሩ።'"

እሳቸው ከወረቀቱ ቀና አሉ። በሩ ዝግ ነው። ወደ በሩ ዞረው ጆሯቸውን ሰጡ።

"ማነው እሱ... ሰው እየጠራሽ ነው መሰለኝ።"

"ማን?"

"እንጃ። 'ማስቴ' ይላል። ምነው፣ አትነሺም?"

እሷ ምንም ድምፅ አይሰማትም።

ተነሣች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አስተምራ አታውቅም። አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ልብስ ትሰፋለች፣ ትስቃለች፣ ደህና ናት። ወረቀት ላይ ያለ ነገር ግን አታነብም፤ ደብዳቤ ሲመጣላት እኔ ነኝ የማነብላት። በሩን ስትከፍት ያየችውን አንድ ቀን ነግራኛለች፤ ደግሜ አልጠየቅኋትም።

ተማሪዎቿ ከክፍል ወጥተዋል። ማንም አላስወጣቸውም።

ከግቢው በር እስከ ቢሮው ደጃፍ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። መሐሉን ክፍት ትተውታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

መሐሉ ባዶ ነው... ፀሐይ ብቻ።

ከግቢው በር በኩል ያሉት ሁለቱ አንገታቸውን ዞር አደረጉ። ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ። ቀጥሎ ያሉት... በቀስታ፣ ሁለት ሁለት እያሉ፣ የሚያልፍ ሰው በዓይናቸው እንደሚሸኙ፣ መዞሩ ወደ እሷ እየቀረበ...

ደጃፉ አጠገብ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው መንገዱን ለቀቁ።