አራተኛው ሰው የለበሰው ካፖርት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢት ወር የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ የሲኒማ ቤቱ የጎን በር ተከፈተና ሕዝቡ ዓይኑን እያሸ ወደ ብርሃን ወጣ። ከተማዪቱ ገና ከቁስሏ አላገገመችም ነበር፤ የባቡር ጣቢያው ሰዓት በቦምብ ከቆመ ወዲህ አልተጠገነም፤ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች የግማሾቹ መስኮት በመስተዋት ፈንታ በጣውላ የተደፈነ ነበር፤ የሲኒማ ቤቱም ጣሪያ አንድ ማዕዘኑ በሸራ የተሸፈነ ስለ ነበረ፣ በዝናብ ቀን የኋለኛው ረድፍ ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው ይመለከቱ ነበር። እንዲህም ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ ወንበር አይገኝም ነበር፤ ሰው ከዳቦ ሰልፍ ወጥቶ ወደ ፊልም ሰልፍ ይገባ ነበር።

በዚያ ቀን ከወጡት መካከል አራት ሰዎች እንደ ልማዳቸው መንገዱን ተሻግረው ጸጉር ቆራጩ ቤት ገቡ። ከአራቱ አንዱ ጸጉር ቆራጩ ራሱ ነበር፤ ሁለተኛው ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው፤ ሦስተኛዋ ከጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል በጡረታ የተገለለችው፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት ነርስ፤ አራተኛው ደግሞ የዚህ ታሪክ ባለቤት የሆነው ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜው ስልሳ ሊሆን ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀጭንና ቁጥብ ሰው ነበረ፤ የልኬት ሜትር ከአንገቱ ስለማይጠፋ የሰፈሩ ሰው ጋሽ ሜትር ይለዋል።

እነዚህ አራቱ በየሐሙሱ ያዩትን ፊልም ይፈርዱ ነበር፤ ፍርዳቸውም በየሙያቸው ነበር። የዚያን ቀኑ ፊልም በበረሃ ስለ ጠፋ አንድ ወጣትና ስለምትጠብቀው እጮኛው የሚተርክ ነበር። ጸጉር ቆራጩ ምላጩን እየሳለ፣ ሰውየው አርባ ቀን በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ጢሙ እንዴት አንዲት ቀን አላደገም ብሎ ጠየቀ፤ ምናልባት ከግመሉ ኋላ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ይከተለው ይሆናል አለ። ጫማ ሰፊው ጫማውን ብቻ እንዳየ ተናገረ፤ ሶሉ ከሱቅ እንደወጣ ነው፣ እንዲህ ያለ በረሃስ እኔንም ይላኩኝ ሲል አሳቃቸው። ሲስተር ደግሞ በእጮኛይቱ አሟሟት ተቆጣች፤ በሳንባ በሽታ የምትሞት ሴት ይህን ያህል ረጅም ስንብት አታደርግም፣ ያንን ትንፋሽ ለመተንፈሻ ትፈልገዋለች አለች። በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ያየ ሰው ያየውን ሁሉ ይናገራል፣ መሸፋፈን የለም።

ተራው ለልብስ ሰፊው ሲደርስ፣ ዋናውን ፊልም ትቶ ከእርሱ በፊት የሚታየውን የዜና ፊልም አነሣ። በዚያ ዜና ውስጥ አንድ ሚኒስትር የድልድይ ሪባን ይቆርጡና፣ ቀጥሎ ከሩቅ የቅዝቃዜ አገር የተመለሱ ምርኮኞች ከመርከብ ሲወርዱ ይታያል፤ ዐሥር ያህል ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ በመሰላሉ ወርደው ያልፋሉ፤ ከዚያ በላይ የለውም።

«ያንን አራተኛውን ሰው አያችሁት?» አለ ልብስ ሰፊው። «የመንግሥት ካፖርት ነው ብዬ ዝም ልል ነበር። ግን ምን ዓይነት እጁ የተሰበረ ሰፊ ነው የነካው? ሰውየው ቀጥ ያለ ሸጋ ነው፤ ካፖርቱ አጎበጠው። ግራ ትከሻው እንደ ጉብታ ተነሥቷል።»

ጫማ ሰፊው፣ እዚያ ውስጥ ዳቦ ደብቆ ይሆናላ፣ ፈታሽ እንዳያገኝበት፣ አለና ሳቁ። ልብስ ሰፊውም ደስ ብሎት ተነሣ፤ ጥፋቱን በደንብ ሊያሳያቸው ጫማ ሰፊውን እንደ ደንበኛ አቁሞ በጣቶቹ ይለካው ጀመር። ግራ ትከሻ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል፤ ግራ እጅጌ አንድ ጣት አጥሯል፤ ክንድ ሲነሣ እንዳይስብ ደግሞ ብብቱ ሥር ሦስት ማዕዘን ቁራጭ ገብቷል፤ እያለ እጁ ብብቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቁራጩን በፊልሙ ላይ አላየውም ነበር፤ ሊታይም አይችልም። እጁ ነው ያስታወሰው።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለ።

አንድ ልጅ ነበረው። ልጁ በሰባት ዓመቱ ከደረጃ ወድቆ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ በደንብ ስላልገጠመ፣ ግራ ትከሻው ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ። አባት ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጁን ልብስ ሁሉ በገዛ እጁ ሰፋለት፤ ከማሳመሩም የተነሣ ትምህርት ቤት ልጁን ጎባጣ ብሎ የሰደበው አንድም ሰው አልነበረም። በጦርነቱ የመጨረሻ ዓመት ለዘመቻ ሲመለምሉ የሠራዊቱ ሐኪም ኮት እንኳ ሳያስወልቅ እየተመለከተ ማኅተም ይመታ ነበር፤ በልጁም ላይ ከዘመቻ የሚያስቀር ምንም እንከን ሳያይ መታለት። ይህን አባት ለማንም አውርቶት አያውቅም። ልጁ የተሰጠውን ካፖርት ይዞ ሲመጣ፣ አባቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈትቶ እንደገና ሰፋው፤ ልጁም ለብሶት ሄደ፤ ከሄደ በኋላ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ምንም።

ነገሩን ያከበደው ደግሞ የዚያ ወር አዋጅ ነበር። የጦር ሚኒስቴር የጠፉ ወታደሮችን መዝገብ ሊዘጋ ቆርጦ፣ ቤተ ሰቦች ልጃቸው እንደ ሞተ አምነው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲፈርሙ አዘዘ፤ ለፈረመ ፍለጋው ይቆማል፤ ላልፈረመ ይቀጥላል። ቅጹ በልብስ ሰፊው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሚስቱ በእጇ አልነካችውም፤ ልጇ ከሄደ ወዲህ ሲኒማ ቤትም ረግጣ አታውቅም፤ እሱ የት እንዳለ ሳላውቅ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ አልስቅም ትል ነበር።

አራቱ ያን ቀን ብዙ ተከራከሩ። ሸጦት ይሆናል፤ ለሕመምተኛ ጓደኛው ሰጥቶት ይሆናል፤ ተለዋውጠው ይሆናል ተባለ። በመጨረሻም ነገ ተመልሰን እንየው ተባባሉ፤ ያ ዜና ዐይን ሁለት ጊዜ እስኪጨፈን የሚያልፍ ስለ ሆነ ሰውየውን ተከፋፈሉት። ጫማ ሰፊው እግሩን፣ ጸጉር ቆራጩ ራሱን፣ ሲስተር አካሄዱን፣ ልብስ ሰፊው ካፖርቱን ሊያዩ ተስማሙ።

ዓርብ ገብተው አዩ። ጫማ ሰፊው ያየው፣ ሰውየው በግራና በቀኝ የተጫማው የተለያየ ጥንድ፣ የሁለት ሰው ጫማ መሆኑን ነበር። ጸጉር ቆራጩ ያየው፣ የዐሥሩም ሰዎች ጸጉር አንድ ልክ መሆኑን፣ ማለት ከሁለት ወር በፊት በአንድ ቀን መላጨታቸውን ነበር፤ ሲስተር ደግሞ በምርኮኛ ሰፈር ሁሉም በአንድ ቀን የሚላጨው ተስቦ ሲገባ እንደ ሆነ፣ የሞተው ሰው ልብስም ሳይቀዘቅዝ ለቀጣዩ እንደሚሰጥ ታውቅ ነበር፤ ሰዎቹም የሚራመዱት ከሞት አልጋ እንደ ተነሣ ሰው ነበር።

ጸጉር ቆራጩ ቤት ተመልሰው ሲቀመጡ ግን፣ ጫማ ሰፊው ጫማው ደህና ነው አለ። ጸጉር ቆራጩ ብዙም አልታየኝም አለ። ሲስተር ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ መነጽሯን ጠረገች፤ ጠርጋም ስትጨርስ እንደገና ጠረገችው። በዚያ ቤት ያየውን የደበቀ ሰው ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ልብስ ሰፊው ብቻ ፊቱ በራ፤ ካፖርቱ የጥይት ቀዳዳ የለበትም፣ የተጣፈበትም የለም፣ እንግዲህ ልጄ አልተመታም፣ አለ።

ሰኞ ጠዋት ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደና፣ ባለ ካፖርቱን ሰው ፈልገው እንዲያገናኙት ሹሙን ሻምበል ለመናቸው። ሻምበሉ በጦርነቱ አንድ ክንዳቸውን ያጡ፣ ደክሟቸው የከረሙ፣ ነገር ግን ክፉ ያልሆኑ ሰው ነበሩ። ወደቡ ድረስ ስልክ አስደወሉለት። ከመርከቡ የወረዱት ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በዚያው ቀን በየባቡሩ እንደ ተበተኑ፣ ፊልም አንሺዎቹም የማንንም ስም እንዳልጻፉ ተነገራቸው።

«አባቴ» አሉ ሻምበሉ፣ «ካፖርት የሚመሰክርበት አንቀጽ የለኝም።»

ሰፊው አመስግኖ ወጣ። ለሚስቱ ምንም ላለመናገር፣ ቅጹንም ላለመፈረም ወስኖ ነበር። ሲስተር ግን፣ እናት የልጇን ነገር ከሰው ሁሉ ኋላ መስማት የለባትም ብላ፣ ማክሰኞ ሰፊው ሱቁ ሳለ ወደ ቤቱ ሄዳ ሁሉን ለሚስቱ ነገረቻት፤ እሱ አልነገረኝም ብላ እንዳታዝንበትም ለመነቻት።

ረቡዕ የዚያ ዜና መጨረሻ ቀን ነበር። ሰፊው ለስድስተኛ ጊዜ ሊያየው ገብቶ ሲቀመጥ፣ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊቱ የሚስቱን ጀርባ አየ። ለሦስት ዓመት ያልለበሰችውን ጥቁር ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ነበር። ሊጠራት ሲል መብራቱ ጠፋ። ሚኒስትሩ ሪባን ቆረጡ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ መርከቡ መጣ፤ ሰዎቹ ወረዱ። አልተንቀሳቀሰችም። ዋናው ፊልም ሊጀምር ሲል ተነሥታ ወጣች፤ እርሱም ተከተላት።

ወደ ቤት አልሄደችም። መንገዱን ተሻግራ ጸጉር ቆራጩ ቤት ገባችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ሦስቱም በዚያ ነበሩ፤ ባሏም በሩ ላይ ቆመ። ጫማ ሰፊው ዝምታ የማይችል ሰው ስለ ሆነ፣ በየሐሙሱ ለአዲስ እንግዳ የሚቀርበው ጥያቄ ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

«እትዬ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?»

ወዲያው አፈረ፤ ግንባሩን ያዘ። እርሷ ግን እንደ ማንኛውም ጥያቄ ተቀብላ አሰበችበት።

«አጭር ነው» አለች።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ ድምጿን ሳታነሣ፣ «ሰውየው እስከ አንገቱ ቆልፎታል። በርዶታል» አለችው። «የኛ ልጅ ያንን ትከሻውን ብርድ ሲነካው እንዴት እንደሚያደርገው አንተም ታውቃለህ። በሕይወት እያለ ያን ካፖርት ለሰው አይሰጥም። ደግ አይደለም ማለቴ አይደለም። አይችልም።»

«ሰርቀውት ቢሆንስ?» አለ ሰፊው።

«ሰርቀውትም ከሆነ ያው ነው። ያለሱ ክረምቱን አይወጣውም።»

ሰፊው በሐኪሙ ፊት ስላለፈው ኮት፣ ጉድለቱን ስለ ደበቀው እጁ፣ ያኔ በሩ ላይ እንደ ቆመ ነገራት፤ በሦስቱ ጓደኞቹ ፊት ነበር፤ ለማንም ያላወራው ነገር ነበር። ሚስቱ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያም ጎኗ ያለውን ቦታ በእጇ ጠረግ አድርጋ፣ ና ተቀመጥ አለችው፤ ተቀመጠም። ጸጉር ቆራጩ ቀስ ብሎ የበሩን መጋረጃ ጣለ፤ ደንበኛ እንዳይገባ።

በቀጣዩ ሰኞ ባልና ሚስት ቅጹን ይዘው ሻምበሉ ፊት ቀረቡ። በቅጹ ላይ «ማስረጃ» የሚል ክፍት ቦታ ነበር፤ ደንቡም ሦስት ነገር ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ የጓድ ምስክርነት፣ የመንግሥት ደብዳቤ፣ ወይም የጊዜ ርዝመት። ሻምበሉ ብዕራቸውን ይዘው፣ ምን ልበል ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ፣ ያለዎትን ይጻፉ ጌታዬ፣ አለቻቸው። እሳቸውም «የጊዜ ርዝመት» ብለው ጻፉ፤ ሁለቱም ፈረሙ፤ ማኅተሙ ተመታ።

ያ የዜና ፊልም እስከ ዛሬ በመዛግብት ቤት በቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎ ይኖራል፤ በክዳኑ ላይ የድልድዩ ስም፣ የሚኒስትሩ ማዕረግ፣ የመርከቡ ቁጥር ተጽፎበታል። የጠፉት ወታደሮች መዝገብም አለ፤ በዚያው መጋቢት ወር ብቻ «በጊዜ ርዝመት» የተዘጉ ስሞች ከአራት ሺህ በላይ ናቸው። ስለዚያ ዘመን የጻፉ ሊቃውንት ይህን ቁጥር ቆጥረው፣ ሕዝቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠበቀ በኋላ መጠበቅ ስለ ሰለቸው ፈረመ ብለዋል፤ ከወረቀቱ ሌላ የሚያዩት ስላልነበራቸው አይፈረድባቸውም። ከአራቱ ሺህ ውስጥ ስንቱ በእውነት እንደ ሰለቸው እኛም አናውቅም፤ የአንዲቱን እናት ነገር ያውቁ የነበሩት ጥቂት ሰዎችም ሳይጽፉት አለፉ። እርሷ የፈረመችው ሰልችቷት አልነበረም። አይታ ነው።