የአባባ ቨርን ፊርማ

«ማርኒ፣ ወረቀቱን ያዢልኝ!» ብላ እናቷ ዳርላ ወደ መኪናው ሮጠች። የማርኒ ታናሽ ወንድም ኮልቢ የኋላ ወንበር ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሮታል።

ማርኒ ልትከተላት ከጅላ ተወችው፤ ነፋሱ ወረቀቱን ሊወስደው ነው። ምስኪን እናቷ፣ በዚያ የአሜሪካ ነብራስካ ሐሩር ባርኔጣ እንኳ አላደረገችም። ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰችው ግማሽ ሳንድዊች ብቻ ነው። ከማርኒ ጀርባ፣ በበሬ ግልቢያ ውድድሩ ሜዳ ውስጥ፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ማርኒና እናቷ በሜዳው በር ላይ ቆመው ፊርማ ይሰበስባሉ፤ ወረቀቱ ሐኪም የፈቀደለት ሕመምተኛ ካናቢስ የተባለውን ዕፅ ለመድኃኒትነት እንዲወስድ በመጪው ምርጫ ሕዝብ ድምፅ ይስጥበት የሚል ነው። የኮልቢን የሚጥል በሽታ ሌላው መድኃኒት ሁሉ አልቻለውም።

«ያ ወረቀት የታለ?»

አያቷ ቨርን ናቸው፣ የዳርላ አባት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖሊስ ሆነው ዕፅ የያዘ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው። የፋሲካ ምሳ ላይ «ዕፅ ዕፅ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን ከደበደቡ ወዲህ ከልጃቸው ጋር አይነጋገሩም። አሁን ግን ኮልቢን በመኪናው መስኮት አይተውት ነው መሰል ፊታቸው ዐመድ መስሏል።

«አባባ! ሊፈርሙ ነው?»

«አይ፣ ላም ልገዛ ነው። አምጪው እንጂ!» ፈረሙ። «ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ዕድሜ ልኬን ታሾፍብኛለች» ብለው ወደ አሮጌው ፒክአፕ መኪናቸው ተመለሱ።

ማርኒ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ዓይኗ የወረቀቱ ግርጌ ላይ አረፈ። ማታ እናቷ እዚያ ላይ «ሁሉም ዓይኔ እያየ ነው የፈረሙት» ብላ በመሐላ ትፈርማለች። የማርኒ ማየት አይቆጠርም፤ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ማን ያውቃል? አንድ ፊርማ እኮ ነው። ያውም የአባባ!

ዳርላ ላቧን እየጠረገች ተመለሰች። «አለፈለት፣ ተኝቷል። ሰው መጣ እንዴ?»

ማርኒ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እማዬ፣ እዚሁ ቁሚ። መጣሁ» ብላ ወደ አሮጌው ፒክአፕ በረረች። ሞተሩ ተነሥቷል።

«አባባ፣ የፈረሙት አይሆንም። እማዬ አላየችዎትም።»

«እንዳታየኝ ብዬ እኮ ነው እሷ ዞር ስትል የመጣሁት!»

«አውቃለሁ። ታዲያ ማታ በሐሰት ትማል?»

አያቷ መሪውን ጨበጡ። አሁን ቢሄዱ መቼም አይመለሱም። ቢሆንም መልሳቸውን አልጠበቀችም። ወረቀቱን የመኪናው በር ላይ አስደገፈችና በስማቸው ላይ ወፍራም መስመር አሰመረችበት።

ከዚያ ብዕሩን በመስኮቱ ዘረጋችላቸው።

አያቷ በኋላ ማሳያው መስታወት ልጃቸውን ዳርላን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሞተሩን አጠፉ።